ጥፋተኛዋ ጥቁር መኪና

ደብዳቤው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የስኳር ዕቃው ሥር ከረመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጧት ሚስትየው መዘዝ አድርጋ፣ የፈሰሰበትን ሻይ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ እንደገና ጮክ ብላ አነበበችው። «አሽከርካሪው፦ የመጀመሪያ ጥፋቱ በመሆኑና ፀፀቱን በትሕትና በመግለጹ በማስጠንቀቂያ ታልፏል። ተሽከርካሪው፦ ለጥፋቱ መፈጸሚያ በመዋሉ ለመንግሥት ተወርሷል።» ሣጥን ሠሪው ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክሮ ረስቶት ኖሮ ቁራሹ ተገምሶ ብርጭቆው ውስጥ ሰመጠ። የተወረሰችው መኪና የእሱ ናት። ፀፀቱን በትሕትና የገለጸው አሽከርካሪ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ነጭ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ አንገቱ ሥር ፎጣ ሸጉጦ፣ ሁለተኛ እንቁላሉን ይልጣል።

አሽከርካሪው የሚስቱ ወንድም ነው። ሰፈሩ «አምባሳደሩ» ይለዋል። አገር ወክሎ የትም ሄዶ አያውቅም፣ ሥራም ያዘ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም፤ ግን ሱፉን ግጥም አድርጎ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ትከሻው ላይ የወደቀበት ይመስላል። ሲናገር በቀስታ ነው፣ ሲጨብጥ በሁለት እጁ ነው፣ ሲያጠፋም ከልብ እያዘነ ነው። ጣቢያ ቆሞ ፀፀቱን ሲገልጽ የሰሙት መርማሪ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ ይባላል። ሣጥን ሠሪው እንዲህ ያለ ፀጋ አልተሰጠውም። እሱ የሚያውቀው እንጨት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ኖሮ፣ ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት ረዥም አሮጌ መኪና ገዛና በገዛ እጁ ጥቁር ቀባት፤ ውስጧን በእንጨት ሐዲድ አበጀ፤ መጋረጃዋን ሚስቱ ሰፋች። ቀስ ብላ ከመሄድ በቀር ሌላ አመል አልነበራትም።

እሷ ከተወረሰች ወዲህ ሟች የሚሸኘው በሽንኩርት ጫኝ መኪና ነው። ባለመኪናው ጧት ሽንኩርቱን ያራግፋል፣ ከሰዓት ሬሳ ይጭናል፤ የመጀመሪያ ቀን «ሒሳቡ በኩንታል ነው በሰው?» ብሎ የጠየቀው ሣጥን ሠሪውን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። በአንድ አስተማሪ ቀብር ላይ ለቀስተኛው ሁሉ፣ ሟቹን አይቷቸው የማያውቀው ሳይቀር፣ እንባውን ሲያወርድ ተመልክቶ እኚህ ሰው እንዴት ቢወደዱ ነው እያለ ሲገረም፣ የሟች ወንድም ጠጋ ብለው «ሽንኩርቱ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቤተሰብ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው፣ በሩ በሙሉ መስታወት ወደሆነው ቀብር አስፈጻሚ ሄደ። ትናንት ደግሞ የአንዲት ሟች ጡረተኛ ርእሰ መምህርት ልጆች መጥተው ወጉን ሳያበዙ ነገሩት፦ «እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ በሥርዓት የኖረች ሰው ናት። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ጥቁሯ መኪና በር ላይ ከሌለች እንሻገራለን።» ርእሰ መምህርቷ ያላስተማሩት ሰው በከተማው የለም። እሳቸው ከተሻገሩ ከተማው ሁሉ ተሻገረ ማለት ነው፤ እሱም ሱቁን ቆልፎ ወንበር ጥገና መልመድ ይኖርበታል።

ጥፋቱ በመዝገቡ ላይ «ያለ ሟች የቀብር ቅድሚያ መጠቀም» ተብሎ ሰፍሯል። በዚያ ቀን አምባሳደሩ ሊያገባት ከሚፈልጋት ልጅ አባት ጋር ቀጠሮ ነበረው። አባትየው ጡረተኛ ፋርማሲስት ናቸው፤ ሰውን ሁሉ «በሰዓቱ ዋጥ» ሲሉ የኖሩ በመሆናቸው «አራት ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ነው፤ ካለፈው እንዳይለፋ» ብለው ልከውበታል። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አምባሳደሩ ገና ከረባቱን እያሰረ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ባዶዋን የአስከሬን መኪና አስነሥቶ፣ ጣሪያዋ ላይ ያለችውን ብጫ መብራት አብርቶ፣ ሦስት ቀይ መብራትና አንድ መግባት የተከለከለበት መንገድ ጥሶ መክነፍ ነው። መኪናው ሁሉ ዳር ያዘለት፤ እግረኛው ባርኔጣውን አወለቀለት፤ አንድ ትራፊክ ፖሊስም ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ጉዱ የመጣው ከኋላ ነው። አስከሬን አጅበው ሲሄዱ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቆረጡ ለቀስተኞች ጥቁር መኪና ስትከንፍ አይተው «ያችውና!» ብለው በሰባት መኪና ተከተሉት። አምባሳደሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጠሮው ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ደረሰ። ፋርማሲስቱ እንግዳ ሊቀበሉ በራቸውን ቢከፍቱ፣ ደጃፋቸው ላይ የሬሳ መኪና ቆማ አርባ ሰው ደረቱን ይመታል። ልባቸው ድሮውንም ደካማ ነው። ነፍሳቸው መለስ ስትል መጀመሪያ ያደረጉት ፖሊስ መጥራት ነበር።

ሣጥን ሠሪው ያቀረበው ይግባኝ የሚሰማው ደብዳቤው እንደገና በተነበበበት በዚህ ቀን ነው። ሣጥን ሠሪው ኮቱን ሲደርብ ሚስቱ በሩ ድረስ ተከተለችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰረቀኝ ብለህ እንዳትጽፍ አደራ» አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ተመልሳ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ነበር ደግማ የምታጥበው። አምባሳደሩ ጫማውን እያብረቀረቀ «ጋሼ፣ እኔም ልምጣ፤ ቀርቤ ማስረዳቱ ይጠቅማል» አለ። አማቱም ከጓዳ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የክት ጫማቸውን አድርገው ብቅ አሉ። የባላቸውን ሞት ተከትሎ ላለፉት አምስት ዓመታት እዚሁ ቤት የሚኖሩ፣ ገበያ እንኳ ካልተለመኑ የማይወጡ ሴት ናቸው። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። በዚያ ቤት ለምን የሚባል ነገር ከተጠየቀ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

መሥሪያ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ መስኮት የሰው ወገብ ላይ የተበጀ ስለሆነ ባለጉዳይ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚናገር። ሣጥን ሠሪውም አጎነበሰ። ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ጉንፋን ይዟታል፣ ሹራብ ደርባለች፣ የሎሚ ሻይ ይዛለች። ቅጹን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ ሁለት ባዶ ሣጥኖች በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች።

«መኪናው ተሰርቆ ነው?»

«ኧረ አልተሰረቀም፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ቁልፉን ሰጥተውታል።»

«አልሰጠሁትም።»

«ጋሼ፣ ሣጥኑ ሁለት ነው። ሦስተኛ ሣጥን የለንም።»

ዕድሜ ልኩን ሣጥን የሠራ ሰው ነውና፣ ልኩን ይስጡኝና ልሥራው ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰው። «ሰጥቻለሁ» ካለ የጥፋቱ ተባባሪ ነው፤ መኪናዋ በዚያው ቀረች። «ተሰርቋል» ካለ መኪናዋ ትመለሳለች፤ ነገር ግን ጉዳዩ በዚያው ቀን ለዐቃቤ ሕግ ይመራና የሚስቱ ወንድም ለአምስት ዓመት እንቁላሉን ሌላ ቦታ ይልጣል። «ሌላ መንገድ የለም?» አላት። ልጅቷ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «አለ። ጥፋቱ ሲፈጸም ባለንብረቱ በሕይወት ካልነበረ ይመለሳል።» «ለማን?» አላት። አፍንጫዋን ጠረገችና መልሳ አነበበች። «ለባለንብረቱ ነው የሚለው» አለች፤ እሷም ራሷ ትንሽ የገረማት መሰለ። ቅጹን ሁለቱም ሣጥኖች ባዶ እንደሆኑ ፈርሞ ሰጣት።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል። ሣጥን ሠሪው ከልማዱ አጎንብሶ አየው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፣ ማንም አልሠራውም። እሱና አማቱ ሚዛኑን ጠብቀው ጎን ለጎን ተቀመጡ። አምባሳደሩ ግን የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ሆኗል፦ ጥበቃውን ስለ ወገብ ሕመሙ ጠየቀ፣ ለጸሐፊዋ በሩን ከፈተ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሻይ በሲኒ ማስቀመጫ ተይዞለት መጣ። አንድ ባለጉዳይ ኃላፊ መስሎት ማመልከቻውን ሰጠው፤ እሱም ከልቡ አንብቦ «ጉዳይዎ ይገባኛል» ብሎ መለሰለት፤ ሰውየው አመስግኖ ደስ ብሎት ሄደ። ሣጥን ሠሪው ደሙ ፈላ። ተነሥቶ አንድ ነገር ሊል ሲያስብ፣ እሱ ከተነሳ አማቱ እንደሚወድቁ ትዝ አለውና ባለበት ቀረ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። መካከል ላይ ሰብሳቢው፣ ሁለት ስልክ ደርድረው፣ አንዱ ሲጠራ ሌላውን የሚያነሱ ሰው ናቸው። በቀኛቸው የሕግ ባለሙያው፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን አንቀጽ የሚያይ ወጣት። በግራቸው ደግሞ የተያዙ መኪኖች ግቢ ኃላፊ፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ሰብሳቢው ቅጹን አገላብጠው «ሁለቱም ሣጥን ባዶ ነው» አሉ። «ሟች የለበትም ማለት ነው» አለ የግቢው ኃላፊ፣ ሳይስቅ። አምባሳደሩ ፈቃድ ጠይቆ ተነሣና ፀፀቱን እንደ አዲስ ገለጸ። ሕግን እንዴት እንደሚያከብር፣ የዚያን ቀን ስሜት እንዴት እንዳሸነፈው፣ ዛሬ በዚህ ክቡር ጉባኤ ፊት መቆሙ እንዴት ትምህርት እንደሆነለት እያለ ሲሄድ፣ ሰብሳቢው ሁለቱንም ስልክ ዘጉ። «እንዲህ ያለ የታረመ ወጣት ብዙም አይገጥመንም» ብለው ውሃ እንዲሰጠው አዘዙ። ባለመኪናው ሣጥን ሠሪ ጥግ ላይ እንደ ቆመ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን» አለ የሕግ ባለሙያው። «ቁልፉን ተሰጥተው ነው ወይስ ወስደው?»

አምባሳደሩ አፉን ከፈተ። እህቱን ያገባውን ሰው አየ፣ እናቱን አየ፣ ውሃውን አየ። ያ ሁሉ ቃል የሚፈስበት አፍ ደረቀ። ሣጥን ሠሪው በዚያች ቅጽበት ለራሱም በገረመው ሁኔታ አዘነለት፤ «ተሰርቋል» ለማለት የነበረው ጉልበት ከዳው፤ «እኔው ሰጥቼው ነው» ብሎ ነገሩን ሊገላግል ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ አማቱ የወንበሩን ጀርባ ደገፍ ብለው ብድግ አሉ።

«ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አማቱ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አላነሱም። «ይሄ ልጄ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጌቶቼ። የትም ቦታ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ስወልደው እንኳ ሁለት ሳምንት አሳልፎ ነው የመጣ። ትምህርቱም አለፈው፣ ሥራውም አለፈው። በዚያን ቀን ከረባቱን ሦስት ጊዜ አስሮ ፈትቶ፣ ‹እማዬ፣ ዛሬም ልዘገይ ነው› ሲለኝ አላስቻለኝም። አባትየውም ልጅቷም የሚጠብቁት ቤት አለ። የሰው ንብረት መሆኑን አውቃለሁ። አማቼ ሱቅ ነበር፣ አልጠየቅሁትም። ቁልፉን ከግድግዳው አንሥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አንዴ እንኳ መንገድ ይለቀቅለት ብዬ ነው።»

ሣጥን ሠሪው መሬት መሬት አየ። እነዚህን አሥራ ሁለት ቀናት አስታወሰ። አማቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሱቁን ፍቅፋቂ ሲጠርጉ፣ ዳቦ ሲቆረስ ትንሿን ሲመርጡ፣ እሱ ሲገባ ወደ ጓዳ ሲሉ፤ እርጅና ነው ብሎ ነበር።

የሕግ ባለሙያው ግን ፊቱ እንደ ንጋት በርቷል። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። መመሪያውን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «አንቀጽ ሦስት፦ ባለይዞታ ማለት የተሽከርካሪውን ቁልፍ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን በተግባር ያለው ሰው ነው። ቁልፉን የሰጡት እሳቸው ከሆኑ ባለይዞታዋ እሳቸው ናቸው። ውሳኔው የተጻፈው ግን በእሳቸው ስም አይደለም። ከማይመለከተው ሰው ነው የወረስነው!»

«ስለዚህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ስለዚህ ከትክክለኛው ሰው እንድንወርስ በመጀመሪያ መመለስ አለብን።»

«መልሰን እንወርሳለን?»

«በአዲስ መዝገብ። አዲስ መዝገብ የሚከፈተው በአዲሱ በጀት ዓመት ነው።»

ሰብሳቢው ግንባራቸውን አሹ። መውረስን ያህል ነገር እንዲህ በቀላሉ መመለስ መሥሪያ ቤቱን አያስደፍርም ወይ ብለው ማመንታት ሲጀምሩ፣ የግቢው ኃላፊ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ትውጣልኝ!» አለ። «ሦስት ጥበቃ ለቆብኛል። አንዱ መጋረጃዋ ተንቀሳቀሰ ብሎ ጫማውን ጥሎ ነው የሄደ። ሁለት ጊዜ ጨረታ አወጣሁ፣ ለአንደኛው አንድ ሰው መጣ፣ እሱም አድራሻ ሊጠይቅ ነው። እባካችሁ የፈለጋችሁትን አንቀጽ ጥቀሱና ትውጣልኝ!» ከዚህ በኋላ ውሳኔውን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ፣ ማኅተም ያዡን ከምሳ ለመጠበቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ።

በዚያ ሁለት ሰዓት እሱና አማቱ ያንኑ ሚዛን የጎደለው ወንበር ተካፍለው ተቀመጡ። በመጨረሻ እሱ «እማማ፣ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አላቸው።

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

አሰበ። አማቱን ሊዋሻቸው አልፈለገም። «ምንም አልልዎትም ነበር» አለ።

«እሱን ነው የፈራሁት» አሉት። «ምንም ካላልክ ቤቱ ይጠበኛል።»

እንዲህ ብለው የክት ጫማቸውን አፍንጫ ማየት ቀጠሉ። እሱም ከኪሱ ጧት የሸጎጠውን ዳቦ አወጣና ለሁለት ገመሰው፤ ትልቁን ሰጣቸው፤ ትንሿን ሊቀይሩት እጃቸውን ሲዘረጉ ፈጥኖ አፉ ውስጥ ከተታት። አፉ ሞልቶ ጉንጩ ተወጥሮ ሲያዩት አማቱ ለመሳቅ ምንም አልቀራቸውም።

ግቢው ውስጥ መኪናዋ ፊቷን ወደ ግንብ አዙረው አቁመዋት ነበር፤ ጥበቃዎቹ ዓይኗን ማየት አልፈለጉም። የፊት መስታወቷ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባታል፤ ባትሪዋ ሞቷል። ግፉልኝ ማለት ሳያስፈልገው አራት ጥበቃ እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላዋ ተሰለፈ፤ በዚያ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ የሥራ ፍቅር ከተመሠረተ ጀምሮ አልታየም። አምባሳደሩም ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ ለእናቱ ሰጥቶ፣ ትከሻውን አስጠግቶ ገፋ። የሱሪው ጉልበት አፈር ሆነ፤ ከግንባሩ ላብ ጠብ አለ፤ ሣጥን ሠሪው በመስታወት አየውና ይህ ሰው ሲገፋ ማየቱ የመጀመሪያው መሆኑን ተገነዘበ። በሦስተኛው ግፊት ሞተሯ ተንቋቋና ተነሣች። ፊት ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ስለሆነ አማቱ ጎኑ ተቀመጡ፤ አምባሳደሩ ኋላ፣ ሟች በሚተኛበት ሐዲድ ላይ ገባ። ቁጭ ብሎ ሲሄድ ጣሪያው ራሱን እየመታው ስላስቸገረው፣ ጥቂት እንደሄዱ በጀርባው ተንጋለለ።

ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ መብራቱ ቀይ ነው። ሣጥን ሠሪው አቆመ። መካከል ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ጥቁር መኪና ሲያይ ፊቱ በሐዘን ተሰበሰበ፤ ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣውን መኪና በአንድ ፊሽካ ቀጥ አደረገና በእጁ «እለፉ» አላቸው። ሣጥን ሠሪው ራሱን ነቀነቀ፤ ሟች የለኝም ለማለት ነው። ፖሊሱ ይህን የሐዘን ብዛት መሰለውና እንደገና፣ በሁለት እጁ ጠራው። ሣጥን ሠሪው መብራቱን በጣቱ አሳየው። አሥራ ሁለት ቀን ያንከራተተውን ጥፋት አሁን መሪ በጨበጠ በሩብ ሰዓቱ ሊደግመው አይፈልግም። የቆመው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው።

«እለፍ እንጂ ልጄ፣ እየለመነህ ነው» አሉ አማቱ።

«ሟች ሳይኖረኝ አላልፍም፣ እማማ።»

ፖሊሱ ኮቴውን እያጮኸ መጣ። «ሰው በክብር ይሸኝ ብዬ ከተማውን አቁሜ አንተ ትጫወታለህ?» ብሎ ወደ ኋላ አጮለቀና ድምፁን አለሰለሰ። «ሟች ማን ናቸው?» አምባሳደሩ ከተኛበት ቀና አለና ሁለት እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። «ማንም የለም ጌታዬ፣ ደኅና ዋሉ» አለ። ፖሊሱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ አንድ ሞተር ብስክሌት ላይ ዓረፈ። ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ አረንጓዴው በርቶ ጠፋ። ከዚያ ደብተሩን አወጣ። «የትራፊክ ፖሊስን ምልክት አለማክበር፣ መንገድ መዝጋት» እያለ እየጮኸ ጻፈ። አምባሳደሩ ኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ልውረድና ላስረዳው? አንድ ሁለት ቃል ብቻ» ቢል፣ ሣጥን ሠሪው «አርፈህ ተኛ!» አለው። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለእሱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ወረቀቱን ተቀብሎ፣ መሪው ላይ ዘርግቶ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ አነበበው። ስሙ በትክክል ተጽፏል። ያደረገውም ነገር በትክክል ተጽፏል። ፈረመ። ፊርማው ሳያልቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አማቱ የሚያለቅስ መስሏቸው ደንግጠው ክንዱን ያዙት፤ ሲያዩት ግን እየሳቀ ነው፣ እንባው እስኪወርድ።

«ምነው ልጄ፣ ቅጣት ያስቃል እንዴ?»

«ይቺ እኮ የኔ ናት፣ እማማ» አላቸው። «ራሴ ነኝ ያጠፋኋት።»

አማቱ ትንሽ አሰቡና እሳቸውም አፋቸውን በልጃቸው ኮት ይዘው መሳቅ ጀመሩ፤ ኋላ የተኛውም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ዳር ቆሞ ለሟች ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ የነበረ አንድ እግረኛ ይህን ሁሉ በመስኮት አይቶ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። አረንጓዴው በራ። ሣጥን ሠሪው እንባውን በእጅጌው ጠርጎ፣ ፍሬቻውን አሳይቶ፣ በቀስታ ወደ ርእሰ መምህርቷ ልጆች ቤት ታጠፈ።